የአባቴ ባርኔጣ ጨንቻ ሲወጣ

የእናቴ ቤት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። ባለፈው በልግ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና ቆርቆሮ የሚቀይር ሰው ጠራን። ሰውየው ገብቶ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ «ጓዳው ካልተለቀቀ መሰላሌን የት ላቁመው?» አለን። እናቴ አንድ ነገር ሲሰበር፣ ሲያረጅ ወይም ጥንዱ ሲጠፋ «ለጊዜው ጓዳ ይቀመጥ» ትላለች፤ ጓዳ የገባ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ የወጣበትን ቀን ማናችንም አናስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ታላቅ እህቴ ልናጸዳ ተገናኘን። እህቴ አስተማሪ ናት። ፀጉሯን በሻሽ ጠምጥማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ተማሪዎቿን በምታስፈራራበት ድምፅ «ዛሬ ማዘን የለም። የማይሠራ ሁሉ ይጣላል» አለች። እናታችን ይህን ሰምታ ዱካዋን አምጥታ የጓዳው በር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በእሷ ፊት ማለፍ ነበረበት።

መጀመሪያ የወጣው የፔርሙዝ ክዳን ነው።

«ፔርሙዙስ?» አለች እህቴ።

«ተሰበረ። ክዳኑ ግን ምን በደለ?»

ክዳኑ ቀረ። ቀጥሎ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ሬዲዮ ወጣ፤ አይጥ ወልዳ ያሳደገችበት ይመስላል። እናቴ በሐዘን አየችውና «ድምፁ እንዴት ያምር ነበር» አለች። ሬዲዮውም ቀረ። ከዚያ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፎቶ አገኘን። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። አገላብጠን አየነው፤ አላወቅነውም።

«እማዬ፣ ይኼ ማነው?»

መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። «እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ፤ «ግን ጨዋ ሰው ይመስላል። አትጣሉት።»

እህቴ ሻሿን ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረች። በዚህ አያያዝ ቆርቆሮ የሚቀይረው ሰውዬ ጡረታ እስኪወጣ መጠበቃችን ነበር።

ባርኔጣው የተገኘው ከቆርቆሮ ሳጥኑ ሥር ነው። ጆንያ ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በሁለተኛው ፌስታል ውስጥ ደግሞ የአባቴ ባርኔጣ። ግራጫ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል።

አባቴ የጨንቻ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ቀጭን፣ አጭር ሰው ነው። ራሱ ግን ትልቅ ነበር፤ ባርኔጣው ደግሞ ከራሱም ይበልጣል። ከሩቅ ሲመጣ ባርኔጣው ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። ያን ባርኔጣ የሚያደርገው ለፀሐይ ወይም ለብርድ አልነበረም። ሰላምታ ለመስጠት ነበር።

ሰላም የሚለውን ሰው ዓይቶ ነው የሚያነሣው። ለልጆች ጫፉን በሁለት ጣት ነካ ያደርገዋል። ለእኩዮቹ ከግንባሩ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ለሴት፣ የጎመን ተሸካሚም ብትሆን፣ ሙሉ በሙሉ አውልቆ ደረቱ ላይ ያደርገውና እስክታልፍ ይቆማል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጎረቤታችን የነበሩት የኦርቶዶክስ ቄስ ግን ሲያልፉ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱንም ዝቅ ያደርግ ነበር። ቄሱም በበኩላቸው እሱን ሲያዩ ጥምጥማቸውን ነካ ያደርጉለታል። ስልክ ሲመጣ ትንሽ ተቸገረ። ትልቅ ሰው ሲደውልለት በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው ባርኔጣውን ያነሣል። እህቴ «አባዬ፣ አያዩህም እኮ» ስትለው፣ «እኔ አያቸው የለ?» ብሎ መለሰላት። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም፤ ግን መልስ ያሳጣል።

«በቃ ብል በልቶታል» አለች እህቴ፣ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ እያሳየች። «ይጣል።»

እናቴ እጇን ዘረጋች። ባርኔጣውን ተቀብላ በእጇ ጀርባ መታ መታ አደረገችው፤ አቧራው ሲነሣ አስነጠሳትና ለራሷ «ይማርሽ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ማክሰኞ ጨንቻ ትወጣ የለ? ብርድ ነው። አድርገው» አለችኝ።

ጨንቻ የምወጣው ለአባቴ የልብ ወዳጅ ለነበሩ አዛውንት የጉልበት ቅባት ላደርስ ነበር። ለዚያ ባርኔጣ አያስፈልግም። ነገር ግን እናቴ የምትናገርበት መንገድ አለ፤ ስትጨርስ ነገሩ አልቋል። ባርኔጣው ሲሞከር ቅንድቤን አልፎ ጆሮዬ ላይ አረፈ። የአባቴን ራስ አልወረስኩም። እህቴ እየሳቀች ከአሮጌ ፎጣ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀድዳ ውስጡን ዙሪያውን ጠቅጥቃ አስተካከለችልኝ። «አሁን ሰው መሰልክ» አለች። አላመንኳትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከእናቴ ቤት ወጥቼ ወደ አስፋልቱ መሄድ ጀመርኩ። ገና ከመነሣቴ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ። እጄ በራሱ ተነሣ። እኔ አላዘዝኩትም። ባርኔጣውን ከፍ ሳደርግ ባጃጅ ፊቴ ቀጥ አለ።

«ሲቀላ?» አለ ሹፌሩ።

«አይ፣ ሰላም እያልኩ ነው።»

ተናዶ ሄደ። ጥቂት ሄድ እንዳልኩ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አገኘሁ፤ ባርኔጣዬን አነሣሁ፤ ሌላ ባጃጅ ቆመ። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከማዶ እጇን አወዛወዘች፤ አነሣሁ፤ አሁን ሁለት ባጃጆች ባንዴ ቆሙና «እኔን ነው የጠራው፣ አንተን አይደለም» እያሉ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ሰላምታዬ የትራፊክ ጉዳይ እየሆነ ሲመጣ ከሁለቱ በአንደኛው ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወት ደጋግሞ አየኝና፣ «አባባ፣ ባርኔጣው ያምራል» አለኝ። ገና አርባ አምስቴን አልጨረስኩም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ማንም አባባ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ። ከታች አባያ ሐይቅ እንደ ቡናማ ሻይ ተኝቶ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ጉሙ መጣና እሱንም ሸፈነው። ጨንቻ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይበላል። እናቴ ልክ ነበረች። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ከሚኒባሱ ወርጄ መንገድ ዳር ፖም ወደሚሸጡት ሴቶች ሳልፍ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ቅርጫታቸውን ትተው ብድግ አሉ። ፊታቸው በደስታ በራ።

«ሳሮ! ሳሮ!» አሉ ሰላምታቸውን በጋሞኛ ደጋግመው። «መጣሽ እንዴ?» ቀጠሉ በአማርኛ። የእኔ ጋሞኛ ከእሳቸው አማርኛ በብዙ እጥፍ የባሰ ስለሆነ፣ ሴት ስላደረጉኝ የምቀየምበት ምክንያት አልነበረኝም። ለሴት ሙሉ በሙሉ ማውለቅ እንደሆነ ትዝ አለኝና አባቴ እንደሚያደርገው ባርኔጣዬን አውልቄ ደረቴ ላይ አደረግኩ። ፎጣው ግን ራሴ ላይ ቀረ።

ሴትዮዋ ፎጣውን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ውይ! ባርኔጣዋ የእሱ ናት፣ ሰውዬው ሌላ ነው!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ልጁ መሆኔንና እሱ ማረፉን ነገርኳቸው። ያኔ ሳቃቸው ወደ እንባ፣ እንባቸው ተመልሶ ወደ ሳቅ ተለወጠና ፎጣውን ራሳቸው አጣጥፈው ባርኔጣው ውስጥ መልሰው ከቱልኝ። «አባትሽ ሁሌ እንዲህ ያደርግልኝ ነበር» አሉኝ። «እኔ ፖም ሻጭ ነኝ። ለእኔ ባርኔጣ ያወለቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።» ከፖማቸው ውስጥ ትልቁን መርጠው በእጄ አስያዙኝ። እኔም ባርኔጣውን እንደገና አወለቅኩላቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ፎጣውን በጣቴ ያዝ አድርጌ።

የአባቴ ወዳጅ ቤት ስደርስ አዛውንቱ የሉም። ምራታቸው «ዱቡሻ ናቸው» አለችኝ። ዱቡሻ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። ጉልበቱን የታመመ ሰው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ስጠይቃት፣ «ነገር ሲኖር ጉልበታቸው አያማቸውም» አለችኝ።

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በድንጋዮች ላይ ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው በየተራ ይጮኻሉ። ቅባቱን ሰጥቼ ልመለስ በዳር በኩል ቀስ ብዬ ስጠጋ፣ አዛውንቱ አዩኝ። በመጀመሪያ ያዩት ግን ባርኔጣውን ነበር።

«ዝም በሉ» አሉ ለሁሉም። «ባርኔጣው መጥቷል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የተቀመጡት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ። «አባባ፣ እኔ እኮ ቅባት ላደርስልዎ ነው የመጣሁት» ብዬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። «ቅባቱ ይቆያል፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ የቀርከሃ ነገር ነበር። ከሁለቱ ተካሳሾች አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። የረጅሙ ሰውዬ ቀርከሃ ሥሩ በመሬት ውስጥ ለውስጥ አጥር ተሻግሮ የአጭሩ ሰውዬ ጓሮ ውስጥ በቀለ። አጭሩ ቆርጦ አጥሩን ጠገነበት። ግማሹን በጋሞኛ፣ ለእኔ ሲሉ ደግሞ ግማሹን በአማርኛ አስረዱኝ።

«እናቲቱ ያለችው እኔ ጓሮ ነው!» አለ ረጅሙ።

«ልጅቱን ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝ!» አለ አጭሩ። «የኔን አፈር በልታ፣ የኔን ፍግ በልታ!»

«ማን አብላት አለህ?»

«ማን ላካት አለህ?»

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ወረቀት ላይ ማህተም የማደርግ ሰው ነኝ። ስለ ቀርከሃ የማውቀው መሰላል እንደሚሠራበት ብቻ ነው። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ላቤ በዚያ ብርድ መጣ። በዚያው ቅጽበት ጉሙ ያረጠበው ባርኔጣ ከጫፉ ጠብ ጠብ እያለ አንገቴ ውስጥ መግባት ጀመረ። አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበውን ጎን ወደ ውጭ ለማድረግ ባርኔጣውን በጫፉ ይዤ ትንሽ አዞርኩት። ውኃው ወደ ሌላ በኩል ሄደ። እንደገና አዞርኩት። አንገቴን ደፍቼ፣ ስለ ሱሪዬ ብቻ እያሰብኩ፣ ቀስ እያልኩ ማዞሬን ቀጠልኩ።

ቀና ስል ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው። ረጅሙ ሰውዬ ምራቁን ዋጠ። አጭሩ አንዴ ባርኔጣውን፣ አንዴ መሬቱን ያያል። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ማቆምም ፈራሁ። አዞርኩ።

«እሺ በቃ!» አለ አጭሩ በድንገት። «ለአጥር ብቻ አይደለም የቆረጥኩት። ለልጄ ቤትም ወስጃለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያለውንም ትንሽ ነካክቻለሁ።»

«አየህ!» ብሎ ረጅሙ ተንደረደረ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አየና ድምፁ ወረደ። «እኔም… ሥሩ እንደሚሻገር አውቅ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሬ መከልከል ነበረብኝ። ቀርከሃዬ ነጻ ግጦሽ ያገኘ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን ጨረሰ። አጭሩ ከሚቀጥለው ቡቃያ ለረጅሙ ሊከፍል፣ ረጅሙ ደግሞ በአጥሩ ሥር ቦይ ሊቆፍር ተስማሙ። ተቃቀፉ። አንድ ሽማግሌ መረቁ። እኔ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ አዛውንቱ ክንዴን ይዘው እያነከሱ፣ «እንዴት አወቅህ?» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ማዞሩን ነዋ! አባትህ ለጋቢ ሲመጣ እዚህ እናስቀምጠው ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማዞር ከጀመረ ነገሩ ገብቶታል፣ የሚዋሸውንም ለይቷል ማለት ነው። አንድ ዙር ሳይሞላ የዋሸው ሰው ራሱ ይለፈልፋል።» ቆም ብለው አዩኝ። «ደሙ አለብህ።»

ስለ ሱሪዬ መናገር ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ምራታቸው ቆጮ በዳጣ አቀረበችልን፤ በኩራት በላሁ። በመልስ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለ አባቴ አሰብኩ። ለካስ ያ ዝምተኛ ሰው በአንድ እጁ እንቅስቃሴ ሰውን እውነት የሚያናግር ኖሯል። እኔ ልጁ ሆኜ ሳላውቅ መቅረቴ ደነቀኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

እናቴ ቤት ስደርስ እህቴም ነበረች። ሁሉንም ከነድምፁ ተረክሁላቸው። ማዞሩ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የአዛውንቱን ቃል እንዳለ ደገምኩላቸው። እናቴ በጽሞና ካዳመጠችኝ በኋላ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቀች ነበር።

«እንቅልፍ እንዳይወስደው እኮ ነው!» አለች።

«ምን?»

«አባታችሁ ከተቀመጠ ይተኛል። ጨንቻ የሚወጣው ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ነው። ሰው እየተናገረ መተኛት ነውር ነው ብሎ ያችን ባርኔጣ ያዞራታል። እጁ ከሠራ ዓይኑ አይከደንም።»

እህቴ ሳህን ማጠቧን አቆመች። «ስብከት ላይም ያዞራት ነበር። እኔ የሚጸልይ ነበር የሚመስለኝ!»

«ይጸልያል እንጂ፣ እንዳያንኮራፋ» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። «ስንጋባ አባቴ አጠገቡ ቁጭ አድርጎ ሲመርቀን፣ እሱ አንኮራፋ። አባቴ ምርቃቱን አቋርጦ፣ ‹ይህ ሰው አሜን ነው የሚለው ወይስ ሌላ ነገር?› አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ማዞር የያዘው። እኔን ሁለተኛ አላሳፈረኝም።»

ሦስታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ስቄ ስጨርስ ግን አባቴ አዛውንቱ ካሉት በላይ እንጂ በታች አልመሰለኝም። ብዙ ብልህ ሰው አይቻለሁ። የድካም እንቅልፍ እየጎተተው፣ ስለ ሰው ቀርከሃ የሚነገረውን እስከ መጨረሻው ለመስማት በጣቶቹ ሲታገል የሚውል ሰው ግን ከአባቴ ሌላ አላየሁም። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ባለጉዳይ ሲናገር ስልኬን ነው የምነካካው።

ለአዛውንቱ እውነቱን ልንገራቸው ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ራሳቸው ደወሉ። ሌላ ነገር ተነሥቷል፤ የውኃ ቦይ ነው፤ እንድመጣ ፈለጉ።

«አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፈቃድ አይሰጡኝም» አልኳቸው።

«አንተስ ግድ የለም፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ ያለ ምንም ቅሬታ። «ባርኔጣዋን ብቻ በሚኒባሱ ላክልን።»

ለእናቴ ስነግራት አልሳቀችም። ባርኔጣውን በብሩሽ ጠረገች፣ ቀዳዳዋን በግራጫ ክር ሰፋች፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለለችና እኔን ስላላመነችኝ ራሷ መናኸሪያ ድረስ ይዛው ሄደች። ከሹፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ላይ አስቀምጣ፣ «ልጄ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ» አለችው። ሹፌሩ ማን ሊሳፈር እንደሆነ ጠየቃት። «ባለቤቴ» አለችው።

በማግሥቱ ባርኔጣው አፉ ድረስ ፖም ተሞልቶ ተመለሰ። አዛውንቱ ጋ ደወልኩ።

«ታረቁ ወይ አባባ?»

«አንደኛው ገና ሲያያት ሁሉንም ተናዘዘ» አሉኝ። «ሌላው አርፍዶ መጣ፤ ባርኔጣዋ ሄዳ ነበር። እሱ እስካሁን ይዋሻል።»